ደህናው እግር

ረቡዕ በመጣ ቁጥር ሐረጎን እወጣለሁ፣
ቀኝ እግሬን ዘርግቼ ከፊት እቀመጣለሁ፤
ከኮምቦልቻ ሙቀት በሸሚዝ ተነስቼ፣
ደሴ ጉም ውስጥ ልወርድ፣ ጃኬቴን ረስቼ።

ዘጠኝ ወር ሆነኝ።
ሜዳው ዝናብ ጠጥቶ፣ ኳሱ ውሃ አዝሎ፣
ማንም ሳይነካኝ ዞር አልሁ፤ እግሬ ቀረ ተተክሎ፤
ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭ!
ከዚያ ሰማዩን አየሁ።

ሐኪሙ ከኋላ ጭኔ ጅማት ተበድሮ፣
ለጉልበቴ ሰጠው፣ በብሎን አስሮ።
የራሴን ለራሴ! ግን ብድር ብድር ነው፣
ወለዱን የሚቆጥር የሉባባ ደብተር ነው።

ሜትሯ የልብስ ሰፊ ነው፤ ቁጥሩ የደበዘዘ።
ከጉልበቴ ሎሚ አስር ሳንቲ ወደ ላይ ለክታ፣
በእስክሪፕቶ ነጥብ ጥላ፣ ጭኔን ዙሪያውን ትይዛለች።
ግራው ሃምሳ አንድ። ቀኙ አርባ ሰባት ተኩል።
«ይሄ ሁሉ ሥጋ የት ገባ?» እላታለሁ።
«ተኝቷል» ትለኛለች፤ «ሥጋ ሲፈራ ይተኛል።»

አዲስ አበባ ወንበሩ ራሱ የሚመዝን ማሽን አለ ይላሉ፤
እኛ ጋ ያለው ግን ከሰኞ ገበያ የተገዛ፣
መንጠቆ ያለው፣ የፍየል ሥጋ የሚንጠለጠልበት ሚዛን ነው፤
ባንድ ጫፉ ከአልጋው እግር፣ ባንድ ጫፉ ከቁርጭምጭሚቴ ታስሮ፣
«ግፋ!» ስትል እገፋለሁ፣
መርፌው ይሄዳል፣ ተንቀጥቅጦ፣ ተቸግሮ።

ባለፈው ወር፦ ግራ አርባ ሁለት፤ ቀኝ ሠላሳ አንድ።
«ከመቶ ሰባ አራት እንኳ አይሞላም፤
ዘጠና ሳይገባ ጫማህን ከምስማሩ እንዳታወርድ።»

አሰልጣኙ ደወለ፤ ሊጉ ጥቅምት ላይ ነው፤
ቦታዬን የያዘው ልጅ ደግሞ፣ ሩጫ አይደክመው።

ቀኙን ከፍ ማድረግ አልቻልሁም።
ግራውን ዝቅ ማድረግ ግን ማን ይከለክለኛል?

ዛሬ የግራው ተራ ሲደርስ ጥርሴን ነከስሁ፤
ግንባሬን አኮማተርሁ፤ ፍራሹን ጨበጥሁ፤ አቃሰትሁ፤
ጭኔን ግን አስተኛሁት።
መርፌው ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመ።
ቀኙ ሠላሳ ሦስት፤ እሱ እውነተኛ፣ በላቤ የመጣ።
በልቤ አሰላሁት፤ ዘጠና አንድ!
ጫማዬ ከምስማሩ ሲወርድ ታየኝ።

ሉባባ አልጻፈችም። ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች፤
ከመነጽሯ በላይ አሻግራ አየችኝ፤
«አንሷር» አለች፤ «ደህናው እግርህ ደግሞ መቼ ታመመ?»

አባቴ ማሽላ ነጋዴ ነው።
ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ምርቃት ይጨምራል፤
ሚዛን የነካ ጣት ያብጣል፣ ይላል።
ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።
የሱ ልጅ፣ እህል እንኳ አይደለም፣
ከገዛ ጭኔ ሰርቄ ለገዛ ጉልበቴ ልሸጥ!

«እኔ የምለካው ለአሰልጣኝህ አይደለም» አለች፣ ገመዱን እያጠበቀች፤
«ለሚቀጥለው ዝናብ ነው። ድገም።»

ደገምሁ። ግራ፣ አርባ ሦስት።
ሰባ ሰባት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው።
ከጎኑ በቀይ ቀለም፦ ገና።

ኮሪደሩ ላይ ከተሰመረው ጠመኔ በአንድ እግሬ ዘለልሁ፤
ካርድ ይዘው ተራ የሚጠብቁ እናት «እሰይ!» አሉኝ፤
ስንት ሳንቲ እንደጎደለኝ የት አውቀው።

ማታ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ፣
ሾፌሩ ችኩል፣ መንገዱ ዝናብ ያረጠበው፣
በየመታጠፊያው ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤
ጭኔ ድንጋይ ይሆናል፤ ይለቃል፤ መልሶ ይጨብጣል።
ስንት ኪሎ እንደገፋሁ እንጃ፤
መርፌ የለ፣ ደብተር የለ።
ከታች የኮምቦልቻ መብራት አንድ ሁለት እያለ ሲበራ፣
አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጉልበቴን መታ አደረጉና፦
«ምነው ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ የምትነዳው?»