ባዕድ መነሻ

ቀን ቀን ወደብ ላይ ነኝ፣ ቲኬት እቆርጣለሁ፤
"መነሻ፦ ባሕር ዳር" አስቀድሞ ታትሟል፣
"መድረሻ" የሚለው ነጥብ በነጥብ ነው፣
ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ እኔ እሞላዋለሁ።

ማታ ሽምብጥ ወጥቼ እንግሊዝኛ እማራለሁ፣
ከባጃጅ ነጂው ከውባንተ ጎን፣ አንድ ዴስክ ለሁለት፣
መብራት ሲሄድ ደግሞ በስልክ ብርሃን።

"ልጆች" ይለናል መምህር ይርሳው፣
ግማሻችን ወልደን።
ጠመኔ የነካ እጁን በኮቱ እየጠረገ
እንዲህ አለን ትናንት፦
"ቃል ማለት ግንድ ነው። ከፊቱ ከመጣ
ባዕድ መነሻ ነው፤ ከኋላው ከመጣ
ባዕድ መድረሻ ነው። ግንዱን አትንኩት።"
ሳቄን ዋጥ አደረግሁ፤
ይሄ የኔ ቲኬት አይደል?
ባዕድ ከሆነማ ዋጋው እጥፍ ነበር።

"ሆፕ ማለት ተስፋ ነው። ከኋላው 'ፉል' ሲሉት
ተስፋ የሞላበት።"
ውባንተ በክርኑ ነካ አድርጎኝ
"ፉልማ ጠዋት ነው፣ ከነሚጥሚጣው" አለ።
"'ለስ' ሲሉት ደግሞ ተስፋ የሌለበት።"
አሁን ማንም አልሳቀም።
ተስፋው ያው ተስፋ ነው፣ የተለየው ጭራው፤
ዓሣም እንዲሁ ነው፣ በጭራው ነው የሚዞረው።

ከዚያ "አን" መጣች።
ሁለት ፊደል ናት፣ ትንሽ፣ ከሰሌዳው ጥግ።
"ከግንዱ ፊት ቆማ ትገለብጠዋለች፤
'ሎክ' ብለህ የዘጋኸው 'አንሎክ' ሲባል ይከፈታል፣
'ዱ' ብለህ የሠራኸው 'አንዱ' ሲባል ይፈታል።"
"የቱ አንዱ?" አለ ውባንተ፣ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።
እኔ አልሳቅሁም።
እኔ የታየኝ አንዱ ነው፣ የእናቴ አንድ ወንድ፣
አንሙት።

እናቴ ሰሌዳ ፊት ቆማ አታውቅም፤
ስምና ግሥ ለዪ ቢሏት አትለይም።
ሦስት ወንድ ቀብራ፣ አራተኛው መጣ፤
ሞትም በሩን ለምዷል፣ ተከትሎት መጣ።
ያን ጊዜ ነው እሷ፣ ከአራስ ቤት ሳትወጣ፣
"አን"ን ከሞት ፊት እንደ አጥር የገተረች፣
ከሁለት ፊደል ላይ መቀርቀሪያ የሠራች።
ሀያ ስድስት ዓመት አጥሩ ቆሞ ኖረ።

ኅዳር ላይ ነው፣ እንቦጩ ዳር ዳሩን ሲዘጋ፣
መረብ ሊያነሳ በታንኳ ወጣ።
መረቡን አገኙት፣ ሁለት ቆረሶ እንደያዘ።
ታንኳውንም አገኙት፣ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ አብጦ።
ቀበሌው "የጠፋ" ብሎ ጻፈ።
እናቴ ድንኳን አላስተከለችም፤
"ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለች፣ ሌላ አልተናገረችም።

እጄን አወጣሁ። "መምህር፣
መነሻው ቢነሳስ?"
"ግንዱ ይቀራላ" አለኝ ሰዓቱን እያየ።
ግንዱን አውቀዋለሁ።
ከደብተሬ ህዳግ ላይ ጽፌው ኖሯል፣
ቶሎ በመዳፌ ሸፈንሁት።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ
የኛን ቃል እፈታ ጀመር፦ አልተመለሰም።
እነሱ በር ሲዘጉ በአንድ ወገን ነው፣
ወይ "አን" ከፊት ለፊት፣ ወይ "ለስ" ከኋላው።
እኛ ግን በሁለቱም፤
ከፊት "አል" ትቆማለች፣ ከኋላ "ም" ትቀረቅራለች፣
አፍ እንኳ ገጥሞ ነው የሚጨርሳት።
መሐል ላይ ግን፣ በሁለቱ በሮች መካከል፣
አንድ ፊደል ሳይጎድለው
"ተመለሰ" ተቀምጧል።
ላወጣው አልሞከርሁም። መኖሩን አየሁ፣ በቃ።

ጠዋት ወደብ ላይ ነፋስ ነበር፤
የቁንዝላው ጀልባ አርፍዶ፣ ሰው ተጋፍቶ፣
አንድ ሽማግሌ ዶሮ እንደታቀፉ
"ደርሶ መልስ ስንት ነው?" አሉኝ።
ዋጋውን ነገርኋቸው።
"መመለሻውንም ጻፊው እንጂ ልጄ" አሉ፤
እጄ ነጥቡ ላይ ቆሞ ቀርቶ ኖሯል።