የዛዉር ረቡዕ

ኩታይሲ ይዘንባል። ባቡሩ ያለሱ ሄደ፤
ዛዉር በካልሲው ማድቤት ገባ፣ እሳት አነደደ።
አደንጓሬው ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ አድሯል፣
ጡት እንደጠገበ ሕፃን ሆዱ ተነፍቷል።

ሸክላዋን ጣዳት። ድንብላል በጠሰ፤
ለውዙን በጠርሙስ ቂጥ ወቅጦ ጨረሰ።
(ሙቀጫው ከተሰነጠቀ ድፍን ሦስት ዓመቱ፣
«ይገዛል» እንደተባለ በየሳምንቱ።)

ሩሱዳን ከመኝታ፣ «ጨው ይጎድለዋል!» አለች፣
ሳትቀምስ፣ ሳታሸት፣ መስኮቱ ላይ ጠብታ እየቆጠረች።
ቀመሰ። እውነቷን ነው።
ክዳኑ ሲንኳኳ ነግሯት ይሆን? ወይስ የሱ ዝምታ ነው?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣቢያ ሲጠራ የኖረው ጉሮሮ
ዛሬ አንዲት ጣቢያ ብቻ ጠራ፣ በኩራት ተወጥሮ፦
«ምሳ!»

ብቸኛዋ ተሳፋሪ ከአልጋ ወረደች፣
አንዱን ነጠላ ጫማ አጥታ፣ እየሳቀች።