ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ

ሥራዬ መቆም ነው፣
«አትንኩ» ማለት ነው፣
መጸዳጃው የት ነው ለሚሉኝ በጣቴ መጠቆም ነው።

ትሪየስቴ፣ ወደቡ ዳር፣
ድሮ ጥጥ ሲታጨቅበት የኖረ መጋዘን፣
ዛሬ ሙዚየም ተብሏል፤
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከኮረብታው ወርዶ መስኮቱን ሲነቀንቅ
የጣሪያው ማገርና የእኔ ጉልበት
እኩል ይንቋቋሉ።

ቁጥር ዐሥራ አራት፦ ወንበር፤ ከሽቦ የተጠለፈ፣
ማንም የማያርፍበት፣ በአየር የተደገፈ።
ማይሊስ ሠራችው፣ ከታርቱ፣ ከበረዶ አገር፤
«አባቷ የመብራት መስመር ዘርጊ ነበሩ» ይላል ጽሑፉ፤
ከዚያ ወዲያ አይናገር።

ቁጥር ሠላሳ አንድ፦ ሥዕል፤ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ገበታ፣
አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣
የተቆረሰ ዳቦ፣ ከጎኑ የጨው ቁንጥርታ።
በላተኛ የለም። መቀመጫም የለም።
ዶሚቲላ ሣለችው፣ ከዋሃካ፣ ሜክሲኮ፤
ለማን እንደ ቀረበ አልጻፈችም።

ሁለቱ ሴቶች ተያይተው አያውቁም።
አንድ አዳራሽ ያዋላቸው ጥበብ እንዳይመስላችሁ፤
የሥዕሉ ሣጥን በላይኛው በር አልገባ ብሎ
ተሸካሚዎቹ ረግመው፣ ላባቸውን ጠርገው፣
እዚሁ ሰቀሉት፣ ካለው ቦታ ላይ ጥለው።

ኅዳር ነበር። ጎብኚ የለም፤
አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ካፖርቷን ያላወለቀች።
ፀሐይ ዝቅ፣ ዝቅ አለች፣
በወደቡ ክሬን ብብት ሾለከች፣
በምዕራቡ መስኮት ገባች፣
ሽቦውን ነካች፤
ጥላውን ከወለሉ ላይ እየጎተተች፣
ግድግዳውን አስወጣችው፣
ከቀዩ ጨርቅ አጠገብ፣ ከሳህኑ ፊት፣ ሥዕሉ ውስጥ ከተተችው።

ማዕድ ቀረበ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤
ወንበር ወደ ማዕዱ ሲቀርብ ግን
ያን ዕለት ነው ያየሁት።

ዐሥራ አንድ ደቂቃ። ቆጠርሁ።
ከዚያ ክሬኑ ፀሐይዋን ጋረዳት፤
ሁሉም ወደየቁጥሩ ተመለሰ።

«መጣ» አለችኝ አሮጊቷ።
ማን ብዬ አልጠየቅኋትም።
ዘበኛ አይጠይቅም።
በማግሥቱ በዚያው ሰዓት መጣች፤
በማግሥቱም ማግሥት፤
ዝናብ በጣለበት ቀን ብቻ
ገበታው ባዶ ሆኖባት፣
የጓንቷን ክር ስትመዝ ዋለች።

አፌን አያስችለውም፣ ለዶክተር ፊያሜታ ነገርኋት፤
እሷ ናት አዳራሹን የምታዝዝ፣ መብራቱን የምትመትር።
ታደንቃለች ብዬ ነበር።
«ፀሐይ በቀጥታ? ሥዕሉ ላይ?» ብላ ደነገጠች፤
ቀለም ይበላል አለች፣ እውነቷን ነው፤
ከሚላኖ መጋረጃ አዘዘች።

መጋረጃው ይኸው መጣ፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ባለ ገመድ።
በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዲስበው የታዘዘው
እኔው ነኝ፣ ኔቪዮ።

ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ፤
ቁልፍ ረስቼ አላውቅም፣
መብራት ረስቼ አላውቅም፣
የማንንም ጃንጥላ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።
ዘንድሮ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፤
ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል
ገመዱን እረሳለሁ።