የልብስ ሰፊው ጡንቻ

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው መደገፊያ የሌለው፤
መብራቱ እንደ ልማዱ ሄዷል፣ ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው፤
በስልኬ ባውዛ ደብተር ገልጬ
የሰውን ገላ ስም አጠናለሁ፣
ባዳ ስም፣ አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር
እያንከባለልኩት አድራለሁ።

ማታ ኮሌጅ፣ መምህር ገለታ
ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ
በገዛ ክንዱ ያሳየናል፦
«አንዱ ጡንቻ ሲኮማተር
ወንድሙ ለቀቅ ያደርግለታል፤
ሁለቱም እልህ ከተጋቡ
ክንድ ባለበት ይደርቃል።»

«አብዳክሽን» ከአካል መራቅ፣
«አዳክሽን» ወደ አካል መቅረብ፤
መሐላቸው የቆመችው
አንዲት ሳድስ፣ አንዲት «ብ»።
ፈተና ላይ ጣልኳትና
ይራቅ የተባለውን እጅ አቀረብኩት፤
ሁለት ማርክ ሄደብኝ።
(ሰውስ ከሰው በስንት ፊደል ይርቃል?
መምህሩን አልጠየቅኩትም።)

ከታክሲ ወርጄ ስገባ
ሁንዴ ሉካንዳ ደጃፍ ቆም እላለሁ፣
በተሰቀለው በሬ እቀናለሁ።
ለሱ ሥጋ ስም ሞልቶታል በኛው አፍ፦
ሻኛ፣ ዳቢት፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣
ንብራት፣ ሽንጥ፣ ጭቅና፣ ወርች፤
ሁንዴ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ
በቢላው ጫፍ ብቻ ይለየዋል።
የሰውን ግን ትከሻ፣ ጀርባ፣ ታፋ፣ ባት ብለን
በጅምላ አለፍነው፤
የምንበላውን ነው ለካ
በችርቻሮ የሰየምነው።

አባዬ አልጋው ላይ ነው።
ሚያዝያ ላይ ግፊቱ ግራ ጎኑን መታው፤
አርባ ዓመት አቃቂ በረንዳ ላይ
ሲንገር ሲረግጥ የኖረው እግር
አሁን አንሶላ ይከብደዋል።
«ደብተሩን ዝጊና ከኔ ላይ አንብቢ» አለኝ አንድ ማታ፣
ቃሉ ከከንፈሩ በስተቀኝ እየሾለከ።

ዴልቶይድ፣ አልኩት ትከሻውን ይዤ።
«የእጅጌ መግጠሚያ።»
ትራፒዚየስ።
«አንገትጌ የሚያርፍበት፤ እዚህ ከጠበበ ደንበኛ ይመለሳል።»
ላቲሲመስ ዶርሲ።
«እሱ የጎን ስፌት ነው፣ ትርንጎ፤
አንቺ ስሙን ያዢ፣
ልኩን ለኔ ተይው።»

ትናንት ጭን ላይ ደረስን።
ከዳሌ አጥንት ተነስቶ
ጭንን እንደ መቀነት አሻግሮ
ከጉልበት በታች፣ በውስጥ በኩል የሚያርፍ፣
ከጡንቻ ሁሉ ረጅሙ፦
ሳርቶሪየስ።
ግርጌው ላይ ትርጉሙ በደቃቅ ፊደል፦ «የልብስ ሰፊ»።
ጥንት ሰፊዎች እግራቸውን አጣምረው ሲቀመጡ
የሚያጣምርላቸው እሱ ነበርና
በነሱ ተጠራ ይላል።

ጮክ ብዬ አነበብኩለት።
ዝም አለ። ውጭ የአንድ ሰው ቆርቆሮ በነፋስ ይማታል።
«እነዚያ ላቲኖች» አለ በኋላ፣
«ልብስ ሰፊ ያከብሩ ነበር በይኛ።
እኔን አቃቂ ሙሉ ‹ሰፊው› ነው የሚለኝ፤
ይፍሩ መባሌን የሚያውቅ
የዕድሩ መዝገብ ብቻ ነው።
አሳዪኝ እስቲ፣ የቱ ጋ ነው?»

ቀኝ እጁን ይዤ ግራ ጭኑ ላይ
በሰያፍ ሳብኩለት፣ ከላይ እስከ ታች፤
ጣቱ እንደ ጠመኔ ሄደ፣
ሊቆረጥ ጨርቅ ላይ እንደሚያሰምር።
«አይሰማኝም» አለ። «ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።»

«እጠፍ» እለዋለሁ። «ዘርጋ።»
«ጨርቅ አደረግሽኝ» ይላል፣
ሳቁ በአንድ ጉንጭ ብቻ ይወጣል።
ዛይጎማቲከስ፣ ግራ፦ ገና።
ብዬ እጽፋለሁ።

ሌሊት ግን፣ እሱ ተኝቶ እኔ ሳጠና፣
ቀኝ እግሩ በእንቅልፍ ልቡ ፔዳል ይረግጣል፤
ተረከዝ ወደ ታች፣ ጣት ወደ ታች፣
አንድ ሙሉ ሱሪ የሚያስጨርስ ያህል።
ግራውን ለማየት
ባውዛውን አስጠጋሁ፤
ብርድ ልብሱ መሰለኝ፣ ወይ የመስኮቱ ነፋስ፣
ወይ ደግሞ።
ደብተሬ ላይ «ግራ፦» ብዬ ጻፍኩና
ከሁለቱ ነጥብ በኋላ
ቦታውን ባዶ ተውኩት።