የፔርሙስ ክዳን

ባጃጄን ስገዛት ካንድ የአዘዞ ልጅ፣
ጥቅስ ነበረባት፣ ከመስታወቷ ደጅ፤
«እግዚአብሔር ተስፋዬ»፣ በቀይና በቢጫ።
እኔ ለዋጋዋ እንጂ ለጥቅሱ መች ነበር ሩጫ?
በምስማር ፋቅሁት፤ ግማሹ ለቀቀ፣
«ተስፋዬ» የሚለው ተጣብቆ ደረቀ።
ተሳፋሪው ሁሉ ስሜ መሰለው፤
«ተስፋዬ፣ ማራኪ!» «ተስፋዬ፣ ፒያሳ!»
እኔም «አቤት» አልኩኝ፣ ስሜን እስክረሳ።
(ስሜ ግን ማንደፍሮ ነው።)

ሐምሌ ሲገባ ግን ልጄ ፊቷ አበጠ፣
እግሯ እንደ ሊጥ ሆኖ ሲነኩት ሰመጠ።
«ኩላሊት ነው» አሉን ሆስፒታል ስንደርስ።
አልጋ ቁጥር ዘጠኝ፣ ጣሪያው የሚያፈስ።
አሥር ቁጥር ላይ የአንጓች ልጅ ውባንተ፣
ከጭልጋ አምጥታው፣ ወር አልፎት፣ ከሰው ፊት የሸሸ፣ ዝም ያለ፣ የከተተ።

በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ አይታ፣
«አይዞህ፣ እሱ ያውቃል» አለችኝ በዝግታ።
ተናደድሁ።
«ካወቀማ» አልኳት፣ «ይህን ሁሉ ካየ፣
ምን ይሠራል ታዲያ? ለምን ይህን ያህል ቆየ?
አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ፣
አንዱ እንኳ ልጄ ስትቃትት አይሰማ?»

መልስ አልሰጠችኝም። ጥቅስም አልጠቀሰች።
ካልጋው ሥር የልጄን እድፋም ልብስ አነሳች፣
ወደ ቧንቧው ወረደች።
ጎህ ሲቀድ ልብሱ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣
ከመስኮቱ ብረት ይንጠባጠባል፣ ተሰቅሎ፣ ደምቆ።
በፔርሙሷ ክዳን አጥሚቷን ቀድታ፣
«ጠጣ» አለችኝ ብቻ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ በይሉኝታ።
ጨው አልነበረውም።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል አሥር ቁጥር ባዶ ሆነ፤
አንሶላው ታጠፈ፣ ፍራሹ ተከደነ።
ያለቀሰችውን አልጽፈውም፣ ለቅሶ በቃል አይለካም፤
ያመነ አያለቅስም የሚል ሰው ካለ፣ ያን ጠዋት አልሰማም።

የልጇን አሥራ ሁለት አውጥታ፣ በማግስቱ፣
ተመልሳ መጣች፤ ያው ቀይ ፔርሙስ በእጇ፣ ስንጥቅ አንገቱ።
ጥቁር ለብሳ ነበር። ልጄን ዳበሰች፣
በክዳኑ ቀድታ አጥሚት አቀመሰች።
«እንዴት ቻልሽው?» አልኳት፣ ድምፄ ተሰበረ።
«አልቻልኩም» አለችኝ፣ «የቻለ ሰው መች ነበረ?
ሽቱ የያዙት ሴቶች ወደ መቃብሩ ሲሄዱ፣
‹ድንጋዩን ማን ያነሳል?› እያሉ ነው፤ ግን አልቀሩም፣ በጨለማ ወረዱ።
እኔማ ሽቱ የለኝ፤ አጥሚት ነው የያዝኩት፣
ውባንተን እንደ ዘር ነው አፈር ያለበስኩት።
ጌታዬ ተነሥቷል፤ እሱም ይነሣል።
የእሱን ድርሻ የሚጠጣ ልጅ ካለ ግን፣ እስከዚያው እንዴት ይረሳል?»

ልጄስ? እንመላለሳለን፣ በወር ሁለቴ።
እብጠቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ደረጃው ላይ ይርዳል ጉልበቴ።

ትናንት ማታ ደግሞ ከሆስፒታሉ በር
አንድ ሰው ተሳፈረ፤ አይናገርም ነበር።
የቀሃን ድልድይ አልፈን፣ ዝናቡ ሲበረታ፣
ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በስፖኪዮ አየሁ፣ ያለ ድምፅ፣ በጸጥታ።
እኔ ሰባኪ አይደለሁ፤ ዳዊት እንኳ አልደገምኩም በወጉ፤
ባጃጇን ዳር አቆምኳት፣ ከአንድ ሱቅ ጥጉ።
ከወንበሬ ኋላ ፔርሙስ አውጥቼ፣
«ያዝማ፣ ወንድም» አልኩት፣ ክዳኑን ሞልቼ።

ጠጣ። ዓይኑን ጠረገ። መስታወቱን አነበበ፣
ያን የተቦጫጨቀ ፊደል በጭላንጭል ሰበሰበ።
«ተስፋዬ ነው ስምህ?»
«ማንደፍሮ ነኝ» አልኩት። «እዚያ ላይ ሌላ ቃል ነበር፤
እኔ ነኝ የፋቅሁት።»
«ምን ይል ነበር?» አለኝ።
ሞተሩን አስነሣሁ፤
እስከ አዘዞ ድረስ፣ እየተንተባተብኩ፣ አጫወትኩት።