ሁለት ባላ

በሻርጃ ነሐሴ፣ ውጭው ሲነድ ሌሊት፣
እኔ ጃኬት ለብሼ የምወለውለው ቤት
ማሽን ነው ነዋሪው። ሰው የለም። ብርድ አለ።
ከወደብ የገባ ዕቃ፣ ከወደብ የወጣ፣
ስንት ከረጢት ሩዝ፣ ስንት ጎማ መጣ፣
ሁሉም እዚህ አለ።
ፉጃይራም ቅጂው አለ።
ቴክኒሻኑ ቫርጊስ፣ «ሦስተኛው ባሕር ማዶ ነው» አለ፤
«ይኼኛው ቢቃጠል ያኛው ይናገራል፣
ያኛውም ቢሰጥም አንዱ ይተርፋል።»
ለጎማ ሦስት ቅጂ!
ሳቄ መጣ፣ መወልወያው እንዳለ በእጄ።

የኛ ዕድር ግን አንድ ስልክ ላይ ነበር፣ የጦይባ።
የወጣች ስትሰረዝ፣ አዲስ አባል ስትገባ፣
ማን ከማን ቤት እንዳለች፣ የእናቷ ስልክ ቁጥር፣
በሣጥን የተሸኘች፣ የተሸኘችበት ወር፣
እሷው ትጽፍ ነበር።
እናካፍል ስንላት «እምቢ» ትላለች ቆርጣ፤
«መዝገብ አሥር እጅ ሲገባ
አንዷ ስም ብታስገባ፣ አንዷ ስም ብታወጣ፣
ማን ያስታርቃችኋል ኋላ ጠብ ሲመጣ?»
እውነቷን ነው።
«ሁለት ባላ ትከል» ያለውም ሰው ግን አልዋሸ።

ረቡዕ ማዳም ስልኳን ቀማች። ለምን? ሩዝ አረረ።
ባልዲ ውስጥ ጨመረችው፣ በረኪናው ውስጥ።
የሁለት መቶ ሴት ስም አረፋ ሥር ቀረ።

ዓርብ ማታ ሮላ፣ ሣሩ ላይ ተሰበሰብን።
አንዷ ደረሰኝ አወጣች፣ በላብ የራሰ፣ ከጡት መያዣዋ፤
አንዷ ከቁም ሣጥን ጀርባ በእርሳስ የጫረችውን፣ በፎቶ፤
ሰዓዳ መጻፍ አትችልም፣ ግን የሦስት ዓመት ድምፅ አላት፦
«ዛሬ ሃምሳ ድርሃም ሰጠሁ፣ ሰኞ ነው፣ ደክሞኛል» የሚል።

ገጣጠምነው። አልገጠመም።
አንዲት ልጅ ሦስት ቦታ አለች፦ በፓስፖርቷ ዘምዘም፣
በክርስትናዋ ወለተ ማርያም፣
ለኛ እንጉዳይ።
ወይ ሦስቴ ከፍላለች፣ ወይ አንዴም አልከፈለችም።
ዝም ብለን ዞረን ጦይባን አየን።
ዓይኗን ጨፈነች። «አንድ ናት። ከፍላለች።»
ጻፍን።

አሁን አሥራ ሁለት ስልክ ላይ ነው።
ዓርብ ዓርብ ጮክ ብለን እናነባለን፣
የተለየ ሲገኝ ጦይባን እንጠይቃለን።

አንድ ቁጥር ግን ጎደለ፦
ሰኔ ላይ የሸኘናት የይታይሽ እናት ስልክ።
የዕድሩን ገንዘብ ገና አልላክንላትም።
ከጦይባ በቀር የያዘው አልነበረም፣
እሷም የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ጠፏት።
ከዜሮ ዜሮ ጀምረን፣ በየተራ እንደውላለን፤
«የይታይሽ እናት ነዎት?»
ሠላሳ አራት ደርሰናል።