ሐምሌ ላይ ይቆማል

በውቅያኖሱ ዳር፣ ላንድ የሚሉት አገር፣
መሬቱ አሸዋ ነው፣ ዛፉ የሰው ምክር፤
እንደ ደብተር መስመር በገመድ ተሰምሮ
ጥድ ብቻ፣ ጥድ ብቻ፣ ከአድማስ አድማስ ታጥሮ።

ማይሊስ ትባላለች፣ ዛፍ መለካት ሥራዋ፣
ቀጭን መሰርሰሪያ ይዛለች በግራዋ፤
ከቅርፊቱ ገብታ እስከ ዛፉ እምብርት
እርሳስ የምታህል ታወጣለች እንጨት።
በዚያች ቀጭን እንጨት ዘመን ተደርድሯል፣
ደጉ ዓመት ሰፍቶ፣ ክፉው ዓመት ጠቧል።

ፊርማን፣ ባለ ጥዱ፣ ካጠገቧ ቆሟል፣
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ጉልበቱ ደክሟል።
«ምን ይላል?» ይላታል፣ ኪሱን እየዳበሰ፣
መነጽር ለሌለው ሰው ደብዳቤ እንደደረሰ።
«ይኼንንስ አውቃለሁ፣» አለ በጥፍሩ ነክቶ፣
«ኦዲልን ስንድር ነው፤ ሳምንት ሙሉ ዘንቦ
የሙሽራዋ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ።»

እሷ አልመለሰችም። ወደ ቅርፊቱ ዳር
ቀለበቱ ይሳሳል እንደ ሸረሪት ድር፤
ሰባት ዓመት ባንድ ጥፍር።

«ሙቀት መጣ ሲሉን ደስ ብሎኝ ነበር።
በየካቲት ወጥቶ ለጋው ቀንበጥ ቀድሞ፣
ስለካው ከአምናው ክንድ ሙሉ ጨምሮ፣
እሰየው፣ ብርድ ቀረ፣ ብዬ ነበር።»

እውነቱን ነው ፊርማን። ጸደይ ቀድሞ ነቃ፣
ዛፉ ቸኩሎ በላ፣ ቸኩሎ ጠጣ፣ በቃ።
ሐምሌ ሲገባ ግን
(በዚያ አገር ሐምሌ ዝናብ አይደለም፣
ሰማዩ መዳብ ነው፣
ከአሸዋው ሥር ውኃው
ክንድ በክንድ የሸሸ ነው)
በመርፌ ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ደጆች ሁሉ
ይቀረቀራሉ፣
ከጥም ረኀብ ይሻላል ሲሉ።
አልሞተም፣ አላደገም። ይቆማል ቀጥ ብሎ፣
የዓመቱን እኩሌታ ሳይኖርበት ጥሎ።

የፊርማን አባት ጥዱን እያቆሰለ
ሙጫ ይቀዳ ነበር፣ ሸክላ እያንጠለጠለ።
ለዚያ ቁስል ልክ ነበረው፤ ስለቱም፣ እጁም ይታያል።
ይኸኛውን ግን ማን አቆሰለ ይባላል?

«የማኅበሩ ሰዎች መጡ፣» አለ ቆይቶ፣
«አርባ ዓመት አትጠብቅ፣ በሠላሳ ቁረጥ አሉኝ።
ከሞሮኮ ተራራ፣ ጥም የለመደ ዘር አለ፣
እሱን እንስጥህ አሉኝ።
እኔ ነኝ ሠላሳ ዓመት የምጠብቅ?
አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ማይሊስ እንጨቷን በመጠጫ ቱቦ ከተተች፣
ጫፉን በቴፕ አሰረች፣
«እኔ የምለካው ያለፈውን ነው» አለች።
ቁጥር ጻፈች። ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደች።

ሽማግሌው ቀረ። ከተሰረሰረው ቀዳዳ
አንዲት ጠብታ ወጣች፣
ወፍራም፣ ዘገምተኛ፤
ወደ ታች ልትወርድ ስትል እዚያው ረጋች።
በአውራ ጣቱ ነካት። አሸተታት።
አባቱ እንደሚያደርገው በሁለት ጣት አሻት።
«ገና ሙጫ አለው» አለ፣
ማንም ሳይጠይቀው፣
ለጥዱ ይሁን ለራሱ ሳይለይ የነገረው።